ላም አለኝ በሰማይ፡ ያልተለካው የባዮጋዝ ንጽህና

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው አባባል ስለ ባዮጋዝ የተነገረ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ባዮጋዝ የሚጻፉ ሪፖርቶችን ባነበብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ እርሱ ነው። ሪፖርቶቹ ስንት ማብላያ እንደተገነባ፣ ስንት ኩንታል ማገዶ እንደዳነ፣ ስንት ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር ሳይለቀቅ እንደቀረ ይዘረዝራሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ተቆጥሮ የተገኘ ነው፤ ማብላያ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነውና። የመጨረሻው ግን ብዙውን ጊዜ ተለክቶ ሳይሆን ተሰልቶ የተገኘ ነው። በስሌቱ ውስጥም አንድ ትልቅ ግምት አለ። ከማብላያው እስከ ምድጃው ባለው መንገድ ላይ የሚያመልጠው ጋዝ ይህን ያህል ነው የሚል ግምት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው የሚያመልጠው ጋዝ ነው። ዓላማው ባዮጋዝን ማጣጣል አይደለም። እናቶችን ከጭስ፣ ልጆችን ከእንጨት ለቀማ የሚያሳርፍ፣ ለማሳም ጥሩ ማዳበሪያ የሚተርፍበት ቴክኖሎጂ መሆኑን የሚክድ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ባዮጋዝ «ንጹህ ኃይል» የሚለውን ስም የሚያገኘው በምን ማስረጃ ነው?

ነገሩን ከሥሩ

የከብት እበት፣ የወጥ ቤት ትራፊ ወይም የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲከማች ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል። ከዚህ ሒደት የሚወጣው ጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም በጥቂቱ ይገኝበታል። ሚቴን ራሱ ቀለምም ሽታም የለውም። በመሆኑም ከሰልፋይድ የተጣራ ባዮጋዝ ቢያመልጥ አፍንጫ አይነግረንም።

ሚቴኑ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለወጣል። ይህ ካርቦን ላሟ ከበላችው ሣር የመጣ ነው። ሣሩም ከአየር ላይ የወሰደው ስለሆነ ዑደቱ ይዘጋል፤ በከባቢ አየር ላይ አዲስ ዕዳ አይጨመርም። ባዮጋዝ «ንጹህ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሚቴኑ ሳይቃጠል ካመለጠ ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ መሠረት፣ ከእንዲህ ዓይነት ምንጭ የሚወጣ አንድ ኪሎ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ የ27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል። ልዩነቱ የመጣው ሚቴን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል በመሆኑ ነው። ዕድሜው አጭር፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ፋብሪካ 100 ኪሎ ሚቴን ከፍግ አምርቶ ከከርሰ ምድር የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ይተካ እንበል። አንድ ኪሎ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል 2.75 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ፋብሪካው 275 ኪሎ አዳነ ማለት ነው። ከመቶው ኪሎ ውስጥ ሦስት ኪሎ ተኩል ቢያመልጥስ? ሦስት ተኩል በ80 ሲባዛ 280 ይሆናል። በ20 ዓመት መለኪያ ትርፉ በሙሉ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። በ100 ዓመት መለኪያ ትርፉ ዜሮ የሚሆነው ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሲያመልጥ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ፍጉ ክፍት ኩሬ ውስጥ ቢተው ኖሮ በራሱ ጊዜ ሚቴን ይለቅ ነበር። በመሆኑም እንዲህ ያለውን ኩሬ የተካ ማብላያ ተጨማሪ ትርፍ ይታሰብለታል። እበቱ ሜዳ ላይ ደርቆ የሚቀር ወይም ኩበት ሆኖ የሚነድ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ የሚለቀው ሚቴን ጥቂት ስለሆነ ይህ ተጨማሪ ትርፍ አይኖርም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ታስፈልገናለች።

ከየት ነው የሚያመልጠው?

በትልልቅ ማምረቻዎች ውስጥ የማምለጫው በሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የተብላላው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። ፈሳሹ ከማብላያው ከወጣም በኋላ መብላላቱን ስለማያቆም፣ ገንዳው ክፍት ከሆነ ጋዙ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሁለተኛው ጋዙን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሞተር ሲሆን፣ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው የሚወጣ ሚቴን ሁልጊዜም አለ። ሦስተኛው ጋዙን አጣርቶ ለከተማ የጋዝ መስመር የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። አራተኛው ግፊት ሲበዛ ራሱን የሚከፍተው የደኅንነት ቫልቭ ሲሆን፣ ጋዝ የሚጠቀመው ሞተር ሲቆም ወይም ፀሐይ ጣሪያውን ስታሞቀው ይከፈታል። አምስተኛው የፕላስቲክ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ የማማሰያው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳና የቧንቧ መጋጠሚያዎች ናቸው።

እነዚህ በሮች መኖራቸው ብቻውን ወንጀል አይደለም። ችግሩ ማንም ሳያያቸው ለዓመታት ክፍት መቆየታቸው ነው።

የዴንማርክ ምስክርነት

በዚህ ረገድ ዴንማርክን ማንሳት ተገቢ ነው። አሳማና ላም በብዛት የሚረባባት ይህች አገር ባዮጋዝን በስፋት ከማስፋፋቷ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2023 በአገሪቱ የጋዝ መስመር ውስጥ ከሚያልፈው ጋዝ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ከባዮጋዝ የተገኘ ነበር። እንዲህ ያለ ስኬት ያላት አገር ጉዳዩን ሸፍና ማለፍ በቻለች ነበር። እርሷ ግን መለካትን መረጠች።

የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 23 የባዮጋዝ ማምረቻዎችን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን ይፋ አደረጉ። የሚያመልጠው ሚቴን ከምርቱ ከ0.4 በመቶ እስከ 14.9 በመቶ ይደርስ ነበር፤ አማካዩም 4.6 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ድጋፍ በበርካታ ማምረቻዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ልኬት አማካዩን ወደ 2.5 በመቶ አካባቢ አስቀመጠው። በዚህም የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ከእርሻ ማምረቻዎቹ ይልቅ እጅግ የሚያፈሱ ሆነው ተገኙ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው በ0.4 እና በ14.9 መካከል ያለው ርቀት ነው። ሁለቱም ፋብሪካዎች በወረቀት ላይ «የባዮጋዝ ማምረቻ» ናቸው፤ ሁለቱም ንጹህ ኃይል አምራች ይባላሉ። አንደኛው ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ሌላኛው በጎረቤቱ ስም ይነግዳል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ከባዮጋዝ አቅርቦት ሰንሰለት የሚያመልጠው ሚቴን ቀደም ሲል ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችልና አብዛኛውም ከጥቂት ቦታዎች እንደሚወጣ ገልጸዋል። ይህ በአንድ በኩል መጥፎ ዜና ነው። በሌላ በኩል ግን ጥቂቶቹን አግኝቶ ማረም ብዙውን ችግር ስለሚፈታ መልካም ዜናም ነው። ለማግኘት ግን መፈለግ ያስፈልጋል።

ዴንማርክ በመጀመሪያ የሞከረችው አምራቾች በፈቃደኝነት እንዲለኩ ማድረግን ነበር። ልኬቱ ፈቃደኝነት ብቻውን እንደማይበቃ ሲያሳይ ወደ ሕግ ሄደች። ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ አምራቹ ራሱን የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም እንዲኖረው፣ ፍሳሹን በየዓመቱ ከውጭ በመጣ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያስፈትሽና የሚያመልጠውን ከምርቱ 1 በመቶ በታች እንዲያደርስ ግዴታ ተጥሎበታል። ለሕግ ባለሙያ የዚህ ደንብ ቁም ነገር አንድ ነው። የማስረዳት ሸክሙ ተገልብጧል። ቀድሞ «ያፈሳል» ያለው ወገን ማስረዳት ነበረበት፤ አሁን «አያፈስም» ባዩ ያስረዳል።

መፈለግ ሌላ፣ መለካት ሌላ

ስለ ክትትል ሲነሳ ሁለት ሥራዎች ይምታታሉ። አንደኛው ጋዙ ከየት እንደሚወጣ መፈለግ ነው። ሌላኛው ምን ያህል እንደሚወጣ መለካት ነው።

ለመፈለግ ከሁሉ የሚቀለው የሳሙና ውኃ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሲቀባ አረፋ ከሠራ ጋዝ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ በእጅ የሚያዙ የሚቴን ጠቋሚዎች ይመጣሉ። በትልልቅ ማምረቻዎች ደግሞ ልዩ የኢንፍራሬድ ካሜራ አገልግሎት ላይ ይውላል። ሚቴን ለዓይናችን የማይታየውን የተወሰነ የብርሃን ሞገድ ስለሚውጥ፣ በካሜራው መስኮት ሲታይ ልክ እንደ ጭስ ሲንቦለቦል ይታያል። ባለሙያው ጣሪያውን፣ ቫልቩንና መጋጠሚያውን እየቃኘ ያልፋል። ይህ ካሜራ ፍሳሹን ያሳያል እንጂ በራሱ ኪሎውን አይናገርም።

ለመለካት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከውስጥ የሚለካ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በከረጢት ወይም በሳጥን ተሸፍኖ የሚወጣው መጠን ይታወቅና በመጨረሻ ይደመራል። ድክመቱ ያልተገኘ ቀዳዳ አለመደመሩ ነው። ሁለተኛው ከውጭ፣ ከነፋሱ በታች ቆሞ መለካት ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ዘዴ እጅግ ብልህ ነው። በማምረቻው ግቢ ውስጥ አሲቲሊን የተባለ ሌላ ጋዝ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ተብሎ በታወቀ መጠን ይለቀቃል። ከዚያ መለኪያ መሣሪያ የተጫነበት መኪና ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ራቅ ብሎ መንገድ ላይ ይሄዳል። ሁለቱም ጋዞች በአንድ ነፋስ ተወስደው እኩል ስለሚበተኑ፣ መኪናው ላይ የሚነበበው የሁለቱ ምጥጥን በግቢው ውስጥ ከሚወጣው ምጥጥን ጋር አንድ ነው። የአንዱ ኪሎ ከታወቀ የሌላው ኪሎ ይታወቃል። የተደበቀ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ጋዙ ከነፋሱ ማምለጥ አይችልም።

ሳተላይቶችም ሚቴንን ከህዋ ማየት ጀምረዋል። የሚያዩት ግን በአብዛኛው እንደ ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ወይም የነዳጅ መስክ ያለውን ከፍተኛ ልቀት ነው። የአንድ መካከለኛ ባዮጋዝ ማምረቻ ፍሳሽ ለአብዛኞቹ አይታይም። በመሆኑም መሬት ላይ የሚደረገውን ክትትል የሚተካ ነገር የለም። በተለይም የደኅንነት ቫልቩ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተከፈተ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ቀን የመጣ ባለሙያ በቀሪዎቹ 364 ቀናት የሆነውን አያይምና።

ወደ ጓሯችን ስንመለስ

እኛ ዘንድ ያለው ባዮጋዝ በአብዛኛው የፋብሪካ ሳይሆን የጓሮ ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሥራ ሲጀምር እስከ 2013 ድረስ 14 ሺህ ማብላያ ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ በላይ ገንብቷል። ሥራው በቀጣይ ምዕራፎችም ቀጥሏል። የተመረጠው ዓይነት ከመሬት በታች በድንጋይ፣ በጡብና በሲሚንቶ የሚሠራው፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የሆነ ማብላያ ነው። እበትና ውኃ እኩል ተቀላቅለው ይገቡበታል። ጋዙ ጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፤ የተብላላውም ፈሳሽ በሌላኛው ጫፍ ወደ ክፍት ጉድጓድ ይወጣል።

ይህ ዓይነት ማብላያ ዕድሜው ረጅም፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ሆኖም ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። በተጨማሪም ቤተሰቡ ከሚጠቀመው በላይ ጋዝ ከተመረተ፣ ጋዙ ፈሳሹን እየገፋ በመውጫው በኩል እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ ምጣድ እምብዛም ስላልሆነ፣ ጋዙ ሳይነካ የሚውልበት ቀን ይኖራል። በኪዮቶ ስምምነት ሥር የተቋቋመው የንጹህ ልማት ሜካኒዝም ለካርቦን ሒሳብ ባወጣው መመሪያ፣ ልኬት ለሌለው የብረት ማብላያ 2.8 በመቶ የፍሳሽ ግምት ሲሰጥ፣ ለዚህ የጉልላት ዓይነት የሰጠው 10 በመቶ ነው።

ይህ 10 በመቶ በአንድ ቤት ምን ማለት ነው? 25 ኪሎ እበት በቀን ወደ አንድ ሜትር ኪዩብ ጋዝ ይሰጣል እንበል። በውስጡ ያለው ሚቴን 400 ግራም ገደማ ነው። አሥር በመቶው በቀን 40 ግራም፣ በዓመት 15 ኪሎ ያህል ይሆናል። በ20 ዓመት መለኪያ ይህ ወደ 1,200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለ10 ሺህ ቤት ሲባዛ 12 ሺህ ቶን ይሆናል። ቀደም ሲል ያልኳት ነጥብም እዚህ ላይ ትመጣለች። የእኛ ገበሬ እበት ብዙ ጊዜ በኩሬ የሚጠራቀም ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚደርቅ ወይም ኩበት የሚሆን ነው። ሚቴን የማይሆነውን እበት ማብላያ ውስጥ ከትተን ሚቴን ካደረግነው በኋላ የማቃጠል ግዴታው የእኛ ነው። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ያነሱት ሥጋት ይኸው ነበር። የቤት ውስጥ ማብላያ በአግባቡ ካልተያዘ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ይህን ለመከታተል የኢንፍራሬድ ካሜራ ለእያንዳንዱ ቀበሌ መግዛት አያስፈልግም። በየማብላያው መስመር ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠማል። ማታ ዋናው ቫልቭ እንደተከፈተ ምድጃው ሁሉ ተዘግቶ ቢታደር፣ ማብላያው ጋዝ ማምረቱን ስለማያቆም ጠዋት ግፊቱ ጨምሮ መገኘት አለበት። ከቀነሰ አንድ ቦታ ያፈሳል። ቀጥሎ ጉልላቱ ላይ ያለው ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ግፊቱ አሁንም ከወረደ ጥፋቱ የቧንቧው ነውና የሳሙና ውኃ መጋጠሚያውን ያጋልጠዋል። ቧንቧው ደህና ከሆነ ጉልላቱ ይጠረጠራል። በክብሪት መፈለግ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ከተቀላቀለ ይፈነዳል። ከመውጫው ጉድጓድ የሚወጣውን ለማወቅ ደግሞ ፈሳሹ ላይ ተደፍቶ የሚንሳፈፍ ሳጥንና ጠቋሚ መሣሪያ ይበቃል። ይህንንም በየቤቱ ሳይሆን በዕጣ በተመረጡ ናሙና ቤቶች ላይ በየዓመቱ ማድረግ ይቻላል።

ሸክሙ የማን ነው?

«ድሃ አገር ነን፤ ከበለጸጉት ጋር ሲነጻጸር የእኛ ፍሳሽ ምን ያክል ነው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ገበሬው ለተሰነጠቀ ጉልላት በሕግ ይጠየቅ የሚል ሰው ካለም አልስማማም። ነገር ግን «ይህን ያህል ቶን ቀነስን» ብሎ ዕርዳታ የሚጠይቅ ወይም የካርቦን ሰርተፊኬት የሚሸጥ ተቋም ሁሉ፣ የገበሬውን ድህነት ተከልሎ ከማስረዳት ግዴታው ሊያመልጥ አይገባም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሲወጣ ወደ አየር ለሚለቀቁ ነገሮች ደረጃ የማውጣት ሥልጣንን ለመንግሥት ሰጥቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎ ደንግጓል። የጎደለው መርህ ሳይሆን ልኬት ነው።

ያለ ልኬት መሸጥ ምን እንደሚያስከትልም ታይቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ በተሻሻሉ ምድጃዎች ስም የተሸጡ የካርቦን ሰርተፊኬቶች ከእውነተኛው ቅነሳ በአማካይ ከ9 እጥፍ በላይ ተጋንነው እንደተገኙ ገለጸ። አጠቃቀሙን በመሣሪያ በቀጥታ የለኩት ፕሮጀክቶች ግን ከእውነታው ብዙም አልራቁም። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ ገዢ ይሸሻል። ገዢ ሲሸሽ የሚጎዳው ሪፖርት ጸሐፊው ሳይሆን ጭስ ውስጥ ሆና ምድጃውን የምትጠብቀው እናት ናት።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የማብላያ ቁጥር በተዘገበ ቁጥር ከጎኑ ስንቱ እንደሚሠራ፣ ስንቱ እንደተፈተሸና በናሙና ተለክቶ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይጻፍ። ከግንባታው በጀት ላይ ለድኅረ ግንባታ ክትትል ይመደብ። ልኬቱንም ከገንቢው ውጭ የሆነ ሰው ያካሂደው፤ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልምና። ቁጥሩ ምናልባት ከ10 በመቶ ያነሰ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ያኔ ፕሮግራሙ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ከየትኛውም ምስጋና ይበልጥበታል። ከበዛም የት እንደሚደፈን ይታወቃል። ላሟ በሰማይ ሳይሆን በጓሮ ናት፤ ጋዟም ከጓሮው እንዳይወጣ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።